በጌታሁን ላይ የተናገርኩት

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናዘዝኩም፤ ለእህቴም ትንፍሽ አላልኩም። እናንተ ስሙኝ፤ ግን አታባብሉኝ፣ መባበል አልወድም።

እኔ ኩሩ ሴት ነኝ። በደርግ ጊዜ ቦሌ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ጓደኞቼ ተቀምጠው ሲሠሩ እኔ ቆሜ ነበር የምሠራው። አለቃዬ «ምነው፣ ወንበሩ ቆረቆረሽ?» እያለ ይቀልድብኛል። እኔም ቀና ብዬ «ቁመቴ እንዲታይ ነው፣ ጓድ!» እለዋለሁ። እውነቱ ግን መቀመጥ አልችልም ነበር። ብልቴን ያመኝ ነበር። ማህፀኔን አላልኩም፤ ብልቴን፣ ደጃፉን። ሚጥሚጣ የነካው ያህል ያቃጥለኝ ነበር። ባሌ ሲቀርበኝማ ጥርሴን ነክሼ ነበር የምችለው።

ባሌ ጌታሁን መካኒክ ነበር። ጥርሴን መንከሴን ያወቀ ዕለት ፍራሽ አውርዶ መሬት ተኛ። «እስክትድኚ አልነካሽም» አለኝ። በየሐኪም ቤቱ ይዞኝ የዞረው እሱ ነው፤ ከሥራው እያስፈቀደ፣ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ። አንዱ ሐኪም ኪኒን ሰጠኝ። ሌላው «ምንም የለሽም» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ውለጂ፣ ይተውሻል» ብሎ ሳቀ። ውለጂ! እንዴት አድርጌ? ጠበልም ሞከርኩ፤ ያው ነው።

ዓመት ዓመትን ሲወልድና እኛ ሳንወልድ ዘመድ ማንሾካሾክ ጀመረ። ሐኪሞቹ ሕመሜን ካላመኑ፣ ነገሩ ሲወጣ «ባሏን የከለከለችው እሷ ናት» ተብሎ ጥፋቱ የኔ ሊባል ነው። እኔ ደግሞ እንከን አለባት መባልን ከሞት አብልጬ እፈራ ነበር። ፍቺ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ያኔ ፍቺ የሚታየው በዘመድ ዳኞች ነበርና፣ የኔም የእሱም ሽማግሌዎች አጎቴ ቤት ተሰበሰቡ።

አጎቴ «ልጄ፣ ምክንያትሽ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ስለ ብልቴ በሽማግሌ ፊት ላወራ? እኔ? ሞቼ ነው!

«ወንድነት የለውም» አልኩ።

እኔ አልኩ። በዚህ አፌ። ሁሉም ወደ ጌታሁን ዞሩ። አንድ ቃል ቢተነፍስ እኔ አበቃልኝ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ «እሷ ያለችው ይሁን» አለ።

ወሬው ሰፈራችን ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም። ጌታሁን ቀበሌ ሱቅ ስኳር ሊገዛ ሲሰለፍ፣ ሴቶቹ «ና እኛ ጋ ተሰለፍ፣ አንተም እንደኛው ነህ!» ብለው ሳቁበት። እኔም እዚያው ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ሰማሁ፤ ስኳሬን ገዝቼ ሄድኩ። ብዙም ሳይቆይ ጌታሁን ጋራዡን ትቶ ጎሮ፣ ያኔ ገና እርሻ በነበረበት፣ አባቱ ዘንድ ገባ። ሚስት የሚሰጠው እንዳጣ ቆይቼ ሰማሁ።

እኔ ግን ሕመሜን ዋጥ አድርጌ አልተቀመጥኩም፤ በዚህ ዛሬም እኮራለሁ። ስንቱ ሲስቅብኝ ሌላ በር አንኳኳሁ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ሐኪም አገኘሁ። አልቸኮለችም። በጥጥ ጫፍ ቀስ እያለች እየነካካችኝ «እዚህስ? እዚህስ?» ትለኝ ጀመር። አንዱ ቦታ ላይ ስትደርስ ጮህኩ።

«ቁስል የለም» አለችኝ፤ «ሕመምሽ ግን እውነት ነው። ነርቩ ይመስለኛል። ምን እንደሚያስነሳው እኛም ገና በደንብ አናውቅም።»

እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ውሸታም አይደለሁም! አላበድኩም! የሚቀባ ሰጠችኝ፣ ምን ምን መተው እንዳለብኝ ነገረችኝ፤ ቀስ በቀስ ቀለለልኝ። ይኸው ዛሬ ተቀምጬ ነው የማወራችሁ።

የመረመረችኝ ቀን ግን እንባዬ ሲወርድ አይታ እጄን ያዘችኝ። «አይዞሽ» አለችኝ። «እስከ ዛሬ ያመነሽ ሰው አልነበረም?»

ጌታሁን መሬት ላይ እንደተኛ ፊቴ ድቅን አለ።

«ማንም» አልኳት።

ማን አስገደደኝ? በዚያ ክፍል ሽማግሌ የለ፣ ዘመድ የለ፣ በሩ ዝግ ነው። ስሙን ብጠራ ምን እሆን ነበር? የመጀመሪያውን ፈርቼ ነው ልበል። ሁለተኛውንስ? ሁለተኛውን የካድኩት እንዲያው ለኩራቴ ነው፤ ብቻዬን የተወጣሁት እንዲመስል።

ጎሮ ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ጌታሁን ይኑር ይሙት ጠይቄ አላውቅም፤ መጠየቅ አቅቶኝ አይደለም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። አንገቴን ደፍቼ አላውቅም፣ ዛሬም አልደፋም። ቀና እንዳልኩ ልናገረው፤ ጌታሁን ወንድ ነበር። የታመምኩት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ ያመነኝም እሱ ነው።