ቀለም አልነካትም

2016 ዓ.ም. ነበር፤ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ። ዓይኔን ሞራ ጋርዶት ሐኪሙ «አባባ፣ ከእንግዲህ መሪ አይንኩ» ካለኝ ክረምቱ አልፎ መስከረም ገብቷል። መኪናዋ ጉርድ ሾላ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። የአውሮፕላን ማረፊያውን ሠራተኛ ሳመላልስ ዕድሜዬን በሰው መኪና ነው የጨረስኩት፤ የእኔ ብዬ የገዛሁት ይቺን ሰማያዊ ብቻ ነው።

ልጄ ለሥራ ባልደረባዋ ልትሸጣት ተነጋግራ ጨርሳለች። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ መጥተው ያዩዋታል። እሺ አልኩ። አፌ ነው እሺ ያለው እንጂ ሆዴስ አላለም። በልቤ የያዝኩት ሌላ ነው፦ ሲመጡ ዝም እላለሁ፤ አላሞግሳትም፣ አልከራከርም፤ አንድ ነገር አልጥማቸው ብሎ ትተዋት ይሄዳሉ፤ እሷም እዚሁ ትቀራለች።

እንዲያ ካሰብክ ለምን አጠብካት የሚለኝ ይኖራል። ምን ላድርግ፣ ቅዳሜ ገና በማለዳ መቀመጥ አቃተኝ። እነሳለሁ፣ በሩ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እነሳለሁ። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ጀሪካን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ ባለቤቴ ሰማችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ያ ውሃ የልብስ ነው!»

«ልብሱ ይቆይ።»

«ላቫጆ አስወስዳት አላልኩህም?»

«የገልባጭ ጭቃ ሲጠርጉበት በዋሉት ጨርቅ የእኔን ሊነኩ? አይደረግም።»

«እንግዲህ ልትሸጣት አይደል? ሙሽራ ልታደርጋት ነው እንዴ?»

«የቆሸሸ መኪና ለሰው አላሳይም፤ በቃ!»

መኪና ሲታጠብ መጀመሪያ ጨርቅ አይነካውም። መንገዱ ሲቆፈር ከርሞ አቧራው ላይዋ ላይ ተጋግሯል፤ በደረቁ ከጠረግከው አሸዋው ቀለሙን ይጭረዋል። ከጣሪያዋ ጀምሬ ውሃ አወረድኩባት። ከዚያ የመኪናውን ሳሙና በባልዲ በጥብጬ በስፖንጅ ከላይ ወደ ታች፣ ስፖንጁን በየጊዜው በሌላ ባልዲ እያለቀለቅኩ አጠብኳት። የቀረውን ቆሻሻ ዓይኔ ባያይም መዳፌ ያገኘዋል። እጄን ኮፈኑ ላይ አንሸራትታለሁ፤ ቆርቆር ካለኝ እመለስበታለሁ።

አድርቄ ስጨርስ ፀሐዩ በረታ። በጋለ ቆርቆሮ ላይ የማንጸባረቂያ ሰም አይቀባም፣ ነጠብጣብ ይተዋል። መንዳት ተከልክያለሁ፤ ስለዚህ የእጅ ፍሬኑን ለቅቄ ከኋላ ገፋሁ። አልነቃነቅ አለች።

«ኧረ ነይ ያዢልኝ!»

«እኔ ደግሞ መኪና ገፊ ሆንኩልህ!» አለች ባለቤቴ፤ ግን መጣች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እየሳቀችም እየተራገመችም ገፋች፤ ግድግዳው ጥላ ሥር አስገባናት። ሰሙን በአሮጌ ካናቴራ ቀብቼ፣ እስኪደርቅ ጠብቄ፣ በሌላው ወለወልኩት። ስጨርስ የግቢው አጥር ጎኗ ላይ ይታይ ነበር። እኔ እንኳን አየሁት።

ገዢዋ መጣች። ወጣት ናት፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል ነው የምትሠራው። አንድ ቀጭን መካኒክ ይዛ መጥታለች። እሱ ሰላምታ እንኳን ሳያዳርስ ዞራት። በጣቱ ኳ ኳ አደረጋት። ጎንበስ ብሎ ጎኗን አየ። ከዚያ ቀና አለና ለልጅቷ፦

«ተይው። ሙሉ ቀለም ተቀብታለች። በዚህ ዕድሜዋ እንዲህ አታበራም፤ ተገጭታ ነው።»

ልጅቷ ፊቷ ወደቀ። ባለቤቴ እኔን አየችኝ። በልቤ የያዝኩት ራሱ መጣልኝ ማለት ነው፤ ዝም ብል ይሄዳሉ፣ መኪናዋም ትቀራለች። ደግሞም ዝም አልኩ።

መካኒኩ ጨመረ፦ «ሽማግሌዎች ናቸው ብለሽ አትመኚ። የተገጨውን የሞሉበትን ስቱኮ ነው በሰም የሸፈኑት።»

«ምን አልክ?»

«አባባ፣ አይቆጡ፤ ሥራዬ ነው።»

«ማግኔት ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«አውጣዋ! ስቱኮ ካለ አይዝም አይደል?»

አወጣ። እጁን ይዤ አስዞርኩት። ኮፈኑ ላይ ጥብቅ። ከጎማው በላይ ፓራፋንጎው ላይ ጥብቅ። በሮቹ ላይ ጥብቅ። ሊያቆም ሲል «ገና ነው» እያልኩ እስከ ኋላ ወሰድኩት። የበሩን ዙሪያ ላስቲክ ገልብጬ «ቀለም ከተረጨ እዚህ ይቀራል፤ አሳየኛ!» አልኩት። ምንም የለም።

«እንደሚመስለኝ ቀለም አልነካትም» አለ።

«እንደሚመስልህ? አልነካትም በል!»

«አልነካትም፣ አባባ፤ በቃ አልነካትም» ብሎ ሳቀ። ወደ ልጅቷ ዞሮ፦ «ውሰጃት። ደላላ አያስፈልግሽም፤ እኚህ ሰውዬ ራሳቸው ሸጡልሽ።»

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት የገባኝ። ልጅቷ ደስ ብሏት እጄን ሳመችው። ምን ይባላል? ቁልፉን ሰጠኋት። ልጅቷ ነድታት ከበሩ ስትወጣ ባለቤቴ «ዝም ማለት እንዴት ያቅትሃል?» አለችኝ። «ተገጭታለች ሲል ዝም ልበል?» አልኳት። ሌላ አልተነጋገርንም። ያን ቀን ግቢው ሰፋብኝ፤ ስዞር ዋልኩ። ልጅቷ የት ታቆማት ይሆን? ዛፍ ሥር ብታቆማት የወፍ ኩስ ቀለሙን ይበላዋል፤ ይህን ሳልነግራት ለቀቅኳት።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔ ሚኒባስ ይዤ ሲኤምሲ ወረድኩ፤ የምትኖርበትን ግቢ ልጄ ነግራኛለች። ዛፍ ሥር ነው ያቆመቻት። ኮፈኗን በመዳፌ ዳሰስኩት፤ ወፎቹ ቀድመውኛል። የግቢው ጥበቃ ብድግ ብሎ «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለኝ። ኮቴን አውልቄ አጥሩ ላይ ሰቀልኩና ባልዲ እንዲያውሰኝ ጠየቅኩት።