ከረግረጉ ውስጥ እጃቸውን ያነሡት አባት

ይህ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለቡ ውስጥ ነው። ዛሬ በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው ቤትና አስፋልት እንጂ ሌላ አያይም። እኔ ግን በታክሲ ባለፍኩ ቁጥር ዓይኔን ያኔ ረግረግ ወደነበረበት አቅጣጫ እልካለሁ። ለብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርኩትም። ስላፈርኩበት ነው።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። የምኖረው ጎፋ ሲሆን በአንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። እናቴ ያለፈው ክረምት ሲገባ አርፋ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቀርቻለሁ። ሌላው ቀን በሥራ ያልፋል፤ ቅዳሜና እሁድን ግን እፈራቸው ነበር። የሥራ ባልደረባዬ አልማዝ ይህን ስታይ ሰንብታ፣ አንድ ቀን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የገለበጠችውን ጽሑፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስለ ወፎች ማወቅ ለሚፈልጉ ሰዎች ስምንት ቅዳሜ የሚሰጥ ትምህርት እንዳለ ይናገራል።

"ወፍ ምን ያደርግልኛል?" አልኳት።

"ምንም አያደርግልሽም። ከቤት ያስወጣሻል" አለችኝ።

ትምህርቱን የሚሰጡት ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሳይንስ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቹ ዘጠኝ ነን። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ግን ያለን ሁለት ብቻ ስለሆነ በየተራ እየተቀባበልን ነበር የምናየው። ጋሽ ደምሴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ሲደጋግሙልን ነበር። "ያያችሁትን ጻፉ፤ የመሰላችሁን አትጻፉ። ምንቃሯ እንዴት ያለ ነው? እግሯስ? ምን እያደረገች ነበር? ሰዓቱንም አትርሱ።"

መጻፍ ሥራዬ ስለሆነ ቶሎ ገባኝ። ጋሽ ደምሴ የእኔን ደብተር ለሌሎቹ እያሳዩ ያመሰግኑኝ ጀመር። እናቴ ከሞተች ወዲህ በአንድ ነገር ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

በአምስተኛው ቅዳሜ ማልደን ከጎፋ ተነሥተን በእግራችን ወደ ለቡ ወረድን። ያኔ ለቡ እርሻ ነው። እዚህም እዚያም የገበሬ ቤት አለ። ከታች ክረምት የሞላው ወንዝ ተኝቶበት የሚቀር ረግረግ ነበር፤ ቄጠማ ውጦታል። ጋሽ ደምሴ በዚያ ወር ከብርድ አገር የሚመጡ ወፎች እዚያ ያርፋሉ ብለውን ነበር፤ እውነትም ስንደርስ ሽመላዎች ቆመው አገኘናቸው። ከፍ ያለች ቦታ ላይ ተቀመጥን። ጉሙ ገና መነሣቱ ነበር።

ተራዬ ደረሰና መነጽሩን ያዝኩ። ሽመላዎቹን አንድ በአንድ ስቆጥር ከእነሱ ወዲያ፣ ቄጠማው መሐል፣ የአንድ ሰው ደረትና ራስ አየሁ። ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ ቀስ እያለ ያወዛውዛል። አዝመራው እንዳይበላበት ወፎቹን የሚያባርር ገበሬ መሰለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን አሁን ሊያስነሣብን ነው አልኩ በልቤ። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ፦ "አንድ ከሃያ። አንድ ገበሬ ወፎቹን እያባረረ ነው።"

አጠገቤ ወንድወሰን የሚባል የጋራዥ ሠራተኛ ነበር የተቀመጠው። "ምንድን ነው እዚያ ጋ?" ሲል ጠየቀኝ።

"ገበሬ ነው። ያባርራቸዋል።"

"ተይው፣ ይደክመዋል" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሌሎቹም ሳቁ።

መነጽሩን ወደ ሌላ አዞርኩ። ጭራዋን የምትነቀንቅ ቢጫ ወፍ አግኝቼ ስለ እሷ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ከዚያ መነጽሩን ለሚቀጥለው ሰው አቀበልኩ።

ተራው ዞሮ እንደገና እኔ ጋ ሲመጣ ሰውየው እዚያው ነበር። ፈቀቅ እንኳ አላለም። እጁን ማወዛወዙን ትቶ አሁን ዝም ብሎ አንሥቶታል። ሽመላዎቹም ከእሱ ጥቂት እርምጃ ርቀው ሲለቅሙ አንዳቸውም አልፈሩትም። ደህና አድርጌ ሳየው ጭቃው እስከ ብብቱ ደርሷል። ከፊቱ ድንጋይ የመሰለኝም የላም ጀርባ ነበር።

"ጋሽ ደምሴ፣ ሰውየው እየሰመጠ ነው" አልኩ።

ሁላችንም ቁልቁል ሮጥን። ጋሽ ደምሴ ከኋላችን "ማንም ውስጥ እንዳይገባ፣ እናንተንም ይውጣችኋል" እያሉ ይጣራሉ። ወንድወሰን ቅርብ ወዳለው ቤት ሮጦ ሰዎች ጠራ። ገበሬዎቹ የቤቱን በር ነቅለው፣ ገመድና የበሬ ጠፍር ይዘው ደረሱ። በሩን ጭቃው ላይ አነጠፉት፤ አንድ ቀጭን ጎልማሳ በደረቱ ተኝቶ እየተሳበ ሄዶ ገመዱን በሰውየው ብብት ሥር አሰረ። ከዚያ ሁላችንም ጎተትን። ጭቃው በቀላሉ አልለቀቃቸውም።

ሲወጡ ሽማግሌ ናቸው። ከንፈራቸው ነጥቷል፣ ጎህ ሲቀድ ጀምረው ሲጣሩ ድምፃቸው ተዘግቷል። መናገር ስላቃታቸው በጣታቸው ወደ ላሟ አሳዩ። ላሟ ግን አንገቷን ጥላ ነበር። ሞታለች።

ሚስታቸው እየሮጡ መጥተው እግራቸውን አቅፈው ያሹ ጀመር። ጋሽ ደምሴ ኮታቸውን አውልቀው አለበሷቸው። ገበሬዎቹም በዚያው በር ላይ ተሸክመው ወደ ቤታቸው ወሰዷቸው። ስማቸው ኦቦ ቱሉ እንደሚባል ያኔ ሰማሁ።

ስንመለስ ጋሽ ደምሴ ትከሻዬን ይዘው "ዓይንሽ ይባረክ። አንቺ ባታዪ ኖሮ እኚህ ሰው ዛሬ አልቆላቸው ነበር" አሉኝ። ሁሉም አመሰገነኝ። ወንድወሰን እንኳ የሳቅነውን ረስቶት ነው መሰለኝ አብሮ አመሰገነኝ። ሰኞ ቢሮ ስገባ አልማዝ ወሬውን ለሰው ሁሉ አዳርሳው ጠበቀችኝ።

እኔ ግን ደብተሩ ነበረኝ። ጋሽ ደምሴን የጠራሁት ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነበር። አንድ ከሃያ ላይ ደግሞ "ገበሬ ወፎቹን እያባረረ ነው" ብዬ በእጄ ጽፌያለሁ። በሁለቱ መካከል ሠላሳ አምስት ደቂቃ አለ። በሠላሳ አምስት ደቂቃ ላሟ ትወጣ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ትምህርቱን ትቼ፣ ስኳርና ብርቱካን ይዤ፣ ብቻዬን ወደ ለቡ ወረድኩ። ኦቦ ቱሉ ጋቢ ተከናንበው ፀሐይ ላይ ግድግዳ ተደግፈው አገኘኋቸው። ይስላሉ። ደጁ ላይ የታሰረች ጥጃ እናቷን ትጣራለች። ሚስታቸው ውኃ ሊቀዱ ሄደዋል።

"ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ አባባ። ያን ቀን ቀድሜ ያየሁዎት እኔ ነኝ።"

"ነግረውኛል። እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ቁጭ በይ።"

አልተቀመጥኩም። "አባባ፣ እንደሚሉት አይደለም። አየሁዎትና ተውኩዎት። ወፍ የሚያባርሩ መሰለኝ። ከዚያ ብዙ ቆየሁ። ላምዎ..." ብዬ መጨረስ አቃተኝ።

ኦቦ ቱሉ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የሚሰማው የጥጃዋ ጩኸት ብቻ ነው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

"እኔም እናንተን አይቻችኋለሁ" አሉ በመጨረሻ። "መነጽር ይዛችኋል፣ ወረቀት ይዛችኋል። መሬት የሚለኩ ሰዎች መሰላችሁኝ። ሰሞኑን ይመጣሉ እየተባለ ነበር። መጀመሪያ እጄን ያወዛወዝኩት ሂዱልኝ ብዬ ነው፣ ኑ ብዬ አይደለም። ብርዱ ሲጸናብኝ ነው ኑ ማለት የጀመርኩት።" ሳል ያዛቸውና እስኪተዋቸው ጠበቁ። "እና ልጄ፣ ጥፋት ካለ የሁለታችንም ነው። አንቺ እኔን አላወቅሽኝ፣ እኔ አንቺን አላወቅሁሽ።"

እንባዬ መጣ።

"በቃ። አታልቅሺ። ይልቅ ለጥጃዋ ውኃ ስጪልኝ፣ ጠምቷታል" አሉኝ።

ውኃውን በባልዲ ሰጠኋት። ጠጥታ እስክትጨርስ አጠገቧ ቆምኩ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ በላሁ፤ ደህና እንቅልፍም ተኛሁ። የቀሩትን ሁለት ቅዳሜዎችም ተማርኩ።

ከዚያ በኋላ በዓል በመጣ ቁጥር እጠይቃቸው ነበር። ስደርስ ሁልጊዜ "ማነው?" ይሉኛል፣ ድምፄን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል። የሽማግሌ ወግ ይመስለኝ ነበር እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት ኦቦ ቱሉ አረፉ። ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሰው ሲቀልል ከሚስታቸው ጋር ተቀምጠን ስለ እሳቸው ስናነሣ፣ ያን ቀን የነገሩኝን አጫወትኳቸው። መሬት የሚለኩ ሰዎች መስለናቸው እንደነበር፣ መጀመሪያ ሂዱ እያሉን እንደነበር ነገርኳቸው።

ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩኝ። "እሱ ነው እንዲህ ያለሽ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ልጄ፣ የቱሉ ዓይን ሩቅ ማየት ካቆመ ብዙ ዘመኑ ነበር። ከዚህ እስከ በሩ ያለውን ሰው በድምፁ ነው የሚለየው። ረግረጉንስ መቼ አይቶት ገባ? የላሚቱን ድምፅ ተከትሎ ነው። መነጽሩንና ወረቀቱን በኋላ እኛ ነን የነገርነው። ያን ቀን ሰዎች ሲያወሩ፣ ኋላም ሲስቁ ሰምቷል፤ ወደ ድምፁ ነው እጁን ያነሣው።"

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

የሰሙት ሳቅ የእኛ ነበር። ይህንንም እያወቁ፣ ላማቸው ሞታ፣ ጥጃዋ አጠገባቸው እየጮኸች፣ አንዲት የማያውቋት ከተሜ ስታለቅስ እንዳትቀር ብለው ያላጠፉትን ጥፋት አጠፋሁ አሉ። ነገሩን ለማሰብ የወሰደባቸው ያቺ ዝም ያሉባት ጊዜ ብቻ ናት።

አሁን ስድሳ ዓመት እየተጠጋኝ ነው። ሐዘኑ አልለቀቀኝም፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃውም የትም አልሄደም። ግን ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም።