ዋዋ ፔዳል ለሬዲዮ

ሰፈሩ በሙሉ «ሬዲዮ» ነበር የሚለው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ወሬ የሌለበት ፀጉር ቤት የትም አይገኝም፣ እሱ ግን ልክ አልነበረውም። ደንበኛው ተቀምጦ ፎጣው አንገቱ ላይ እስኪታሰር እንኳን አይታገስም። አንድ ራሰ በራ ጎረቤታቸው በየአስራ አምስት ቀኑ እየመጣ የሌለ ፀጉሩን ይስተካከል ነበር። ለጨዋታው ሲል ነው፤ ራሱም አይክድም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የእሷ ክፍልና ፀጉር ቤቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ግድግዳ ይባል እንጂ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናዋን በእግሯ እየገፋች ድምፁን ከግድግዳው ወዲያ ስትሰማ ኖራለች። ቃሉ አይሰማትም። ኮምፔንሳቶው ቃሉን እዚያው ያስቀርና ዜማውን ብቻ ያሳልፋል፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ዋ... ዎ... ዋው... እያለ ይወርዳል፣ ይነሳል። እሷ ግን ከዜማው ብቻ ስለ ኳስ እያወራ ይሁን ሰው እያማ፣ እየዋሸ ይሁን እውነቱን እየተናገረ ለይታ ታውቀዋለች። ጆሮዋ ሲደክም በመቀሱ እጀታ ግድግዳውን ትመታና «አንተ! ዝም አይነቅዝም!» ትለዋለች። ያኔ ይስቃል። ሳቁም በግድግዳው ያልፋል፤ እሷም ፈገግ ብላ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

ከስምንት ወር በፊት ሐኪሞች የታመመ ጉሮሮውን ቆርጠው ሕይወቱን አተረፉና ድምፁን ወሰዱበት። አሁን አንገቱ ላይ ባለች ቀዳዳ ይተነፍሳል፤ እሷ የሰፋችለት ስስ ጨርቅ ይሸፍናታል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ለማንበብ ሞክራ ነበር፣ ሪዙ አላሳይ አላት። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲላጭ የኖረ ሰውዬ የራሱን ሪዝ ግን ለማንም አያስነካም። ስለዚህ ደብተር ይዞ ይዞራል። የሚጽፈው አጭር ነው፣ ጨዋ ነው። «አመሰግናለሁ።» «ደክሞሻል፣ ተኚ።» «ሻይ ይበቃኛል።» በስምንት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳን አልተጣሉም። እሷን የገደላት ይሄ ጨዋነት ነው። ዝምታም ለካ ይነቅዛል።

ከወጣትነቱ ጀምሮ የሚመታውን ጊታር ግን አልተወም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሰርግ ቤት አብሮት የሚጫወት ቤዝ ጊታር መቺ ጓደኛ አለው፤ ባለፈው ረቡዕ ያ ጓደኛው ዋዋ ፔዳል የሚባለውን፣ በእግር እየተረገጠ የጊታር ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ፣ ከሰው ተውሶ ይዞ መጣ። ባሏ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ጊታሩን ሲመታ፣ ጓደኛው ፔዳሉን መሬት ላይ ተንበርክኮ በእጁ ወዲህ ወዲያ ያወዛውዝለታል። ከግድግዳው ወዲህ የሚስቱ መኪና ቆመ። ዋ... ዎ... ዋው... አለ ግድግዳው። ቆይታ ስታየው የምትሰፋውን ሸሚዝ እጅጌ በአንገቱ ቦታ ሰፍታው ኖሯል።

ሮጣ ገባች። «እንዲህ ያለ ለራሱ እንገዛለን!» አለች።

«እህቴ፣ ቀስ» አላት ቤዝ መቺው። «ሁሉም አንድ እንዳይመስልሽ። እያንዳንዱ የራሱ ጉሮሮ አለው። ራሳችሁ ሄዳችሁ፣ ሰምታችሁ ምረጡ።»

ሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው፤ ሰኞ ከሰዓት ባልና ሚስቱ ተያይዘው ሄዱ። ያገለገሉ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚሸጡበት ሱቅ ጠባብና ረጅም ነው። ጊታሮቹ ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል፣ መስኮቱ አቧራ ስለለበሰ የሚገባው ብርሃን ቀጭን ሻይ ይመስላል። ሰው ከሥራቸው ሲያልፍ የተንጠለጠሉት ጊታሮች ክር ሳይነካ በራሱ እምም ይላል። እዚያ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ አይቻልም። ሴትየዋ ገና ከበሩ ስታልፍ እንቅልፍ የወሰዳት መሰላት፤ ሰው ባይቀሰቅሰኝ የሚያሰኝ እንቅልፍ።

ሻጩ ነጠላ ጫማ ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ሦስት ፔዳል አውጥተው ምንጣፉ ላይ ደረደሩ፣ ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኙ። ዋዋ ፔዳል ሲያዩት ምንም አይደለም፤ የጫማ ሶል የሚያህል ብረት ነው። በጣት በኩል ሲረግጡት የጊታሩ ድምፅ ስል ይሆናል፣ በተረከዝ ሲጫኑት ይታፈናል። መሃሉ ላይ ነው አፍ ያለው የሚመስለው።

በመጀመሪያው ፔዳል ጉድ ፈላ። የባልየው ቀኝ እግር ሠላሳ ዓመት ምት ሲቆጥር የኖረ እግር ነው፤ ፔዳሉ ላይ ሲወጣም መቁጠሩን አልተወም። በየምቱ ጊታሩ ዋክ፣ ዋክ፣ ዋክ አለ፤ የተራበ ዳክዬ ሱቅ ውስጥ የገባ ይመስል። ሽማግሌው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እሷ አልሸፈነችም። ባሏም ሳቀ፤ የእሱ ሳቅ አሁን ትከሻ ብቻ ነው።

«እስቲ ልየው» ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ከእግሩ ጎን አኖረች። «አትርገጠው፤ አሳርፍበት እንጂ። ተረከዝህን አታንሳ። መኪና እንደምገፋው፣ ወዲህ... ወዲያ። መቁጠር ካማረህ በግራህ ቁጠር።»

በግራው ቆጠረ። ዳክዬዋ ጠፋች።

«ከየት ተማርሽው ልጄ?» አሉ ሽማግሌው።

«ከሱሪ ነው አባባ። ስንት ሺህ ሱሪ!»

ከዚያ አንድ ነገር ለመነቻቸው። የባሏን ድምፅ ከእሱ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት፤ ዕድሜ ልኳን የሰማችው ግን በግድግዳ አልፎ ሲመጣ ነው። የሱቁ ጓዳ ውስጥ ገብታ በሩን ዘግታ መስማት ትፈልጋለች።

«እውነትሽን ነው» አሉ፣ በሩንም ከፈቱላት። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።»

ጓዳው ጨለም ያለ ነው፣ ባዶ የጊታር ሳጥኖች ተደርድረውበታል። በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈች። የመጀመሪያው ፔዳል ጮኸ፤ እሷን አላናገራትም። ከዚያ ሁለተኛው ጀመረ።

እሱ ነው። ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ሻከር የሚል። ዓይኗን ጨፈነች። ራሰ በራው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ ቶንዶሱ በባዶ አናቱ ዙሪያ ያለ ሥራ ይዞራል፣ ባሏ ያቺን ሰባት ጊዜ የነገረውን ውሸት ለስምንተኛ ጊዜ እየነገረው ነው፤ እሷም የትኛው ቦታ ላይ እንደደረሰ ታውቃለች። እግሯ መሬቱን መግፋት ጀመረ። ማንም አልታመመም። ማንም ሆስፒታል አልሄደም። ስንት ደቂቃ እንዲህ እንደቆየች አታውቀውም፤ ሦስተኛው ፔዳል ሲጀምር እንኳን ገና እዚያው ነበረች፣ ልብ ብላም አልሰማችው። ቀጭን ነው፣ እንግዳ ነው፤ ከሱ የያዘችው ይህንን ብቻ ነው።

ፊቷ በእንባ እንደራሰ ወጣች። «ሁለተኛው! ሁለተኛው ነው!»

ባሏ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ደብተሩን አወጣ። «ሦስተኛው» ብሎ ጻፈ።

«ምን ሦስተኛው? እሱን ሰውዬ መች አውቀውና!»

እርሳሱ ወረቀቱን እስኪቀድ እየተጫነ ጻፈ። እንዲህ ረጅም ጽፎላት አያውቅም። «ስትወጪ ፊትሽን አየሁት። ባሏን ያገኘች ሴት ፊት ነው። እኔ ግን ስምንት ወር ሙሉ እቤት ነበርኩ።»

«እና ምን ላድርግ?» አለች፣ ድምፅዋ ከፍ አለ። «አልናፍቅ? ድንጋይ ነኝ?»

«ናፍቂ» ብሎ ጻፈ። «ግን በሁለተኛው ከተጫወትኩ እሱን ሳስመስል መኖሬ ነው። እሱን ስትጠብቂ እኔን አትሰሚኝም። ደብተሩን እንኳን አንብበሽ አትጨርሺውም።»

ሽማግሌው መጥረጊያቸውን አነሱ። «ስትስማሙ ጥሩኝ» ብለው ወደ ደጅ ወጡ፤ ደጁ ግን አልቆሸሸም ነበር።

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበበቻት። እውነት ነው። ደብተሩን ሲዘረጋላት የመጀመሪያውን ቃል አይታ ራሷን ትነቀንቅና ወደ ስፌቷ ትዞር ነበር። ነጩን ወረቀት ማየት ያማታል፤ ስለሚያማት አታየውም ነበር። እሱም ይህን አይቶ አሳጠረ፣ ከዚያም አብልጦ አሳጠረ። ጨዋነት ነው ያለችው ይሄንን ነው። የቆጧን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል እንደነበር ገባትና አፈረች። ደብተሩን መለሰችለት።

«ሦስተኛውን ድገመው» አለችው በመጨረሻ። «አልሰማሁትም። በእውነት አልሰማሁትም።»

ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። በዚህኛው ጊዜ ዓይኗን አልጨፈነችም።

ቀጭን ድምፅ ነው፣ አሁንም። ረጅም መንገድ ሄዶ መጥቶ ትንፋሹን ገና ያልሰበሰበ ሰው ዓይነት። አንድ ሐረግ ይልና ያርፋል። ሲወጣ ይጠነቀቃል፣ ሲወርድ ግን ልስልስ ይላል። ያ የድሮው ሰውዬ ሲያወራ እንዲህ የሚያርፍበት ቦታ አልነበረውም። ይሄኛው የሰማሽ እንደሆን ልቀጥል የሚል ይመስላል። ልትወደው ሞከረች፣ እሺ አላላትም። ዝም ብላ ሰማችው።

ከዚያ ሁለት ኖታ መጣ፤ አንዱ ዝቅ ያለ፣ ሁለተኛው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ። ዝም አለ። ደግሞ መጣ፣ ያው ሁለት ኖታ፣ ትንሽ ጠንከር ብሎ። ዝም አለ። የሚጣራ ነው የሚመስለው። ማንን ነው ብላ አሰበች። ሽማግሌው ደጅ ናቸው፣ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

ሦስተኛ ጊዜ ተጣራ፤ አሁን ቀስ ብሎ፣ ተስፋ ሊቆርጥ እንደደረሰ ሰው።

«አቤት!» አለች ጮክ ብላ፣ በተዘጋው በር።

ጊታሩ ጸጥ አለ። ከዚያ አንድ ነገር ሊነግራት ጀመረ፤ አጀማመሩ ረጅም ነገር ይመስላል። እሷም አንዱን ባዶ የጊታር ሳጥን ሳብ አድርጋ ተቀመጠችበት።