ሳይታረድ የተመለሰው በግ

ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ደብረ ብርሃን

ጣሊያን ከአዲስ አበባ ቢወጣም ከጎንደር ገና አልተነቀለም። እኔ ግን እሱ ጥሎት በሄደው ካሚዮን፣ የገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ወደ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። አጠገቤ ጸጉረ ረጅም የመንዝ በግ ታስሯል። እናቴ ስትሸኘኝ፣ "የታደሰን ተዝካር ከቀበሩት ሰዎች ጋር ሳትበላ ደጄን እንዳትረግጥ!" ብላኛለች።

ታደሰ ወንድሜ ነው፤ በቅሎ ነጋዴ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የጣሊያን ወታደሮች የሸዋ ሮቢት ገበያተኛ ላይ ሲተኩሱ ከሌሎች አሥር ሰዎች ጋር ወደቀ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ጉድጓድ ገባ።

ሦስት ሰዓት፤ ጣርማ በር

ጉም፣ ብርድ፣ ትኩስ ድንች የሚሸጡ ሴቶች። ዋሻውን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጋቢዬን አወለቅሁ፤ ትንሽ ቆይቼ ኮቴንም። ሹፌሩ ግርማ በጉን እያየ ይስቃል። "ይሄ ደሃ ካፖርቱን እንደለበሰ ነው ቆላ የሚገባው?"

ሰባት ሰዓት፤ ሸዋ ሮቢት

ሟቾቹን በእጃቸው የቀበሩት ጋሼ ሁሴን አቅፈው ሳሙኝ። በጉን ሲያዩ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

"ማን ሊያርደው ነው?"

"ያው እርስዎ ነዎታ።"

"እኔ ቢስሚላህ ብዬ ባርደው ይቺ ጎረቤቴ ብርቄ አትቀምሰውም። የእናንተ ሰው ቢያርደው እኔ አልቀምሰውም። ጣሊያን 'ያስገደላችሁ ጎረቤታችሁ ነው' እያለ ካቃቃረን ወዲህ ለቅሶ እንኳ አብረን ተቀምጠን አናውቅም። አሁን ደግሞ አንተ በበግ ልትለየን መጣህ?"

አፈርኩ። ያን ሁሉ መንገድ በከንቱ የመጣሁ መሰለኝ። ባላቸው እዚያው ጉድጓድ የተቀበረባቸው እትዬ ብርቄ ግን ሳቁ።

"በጉ ይኑር! ማሽላ ይቀቀል። ንፍሮ ቢላዋ አይፈልግም።"

ዘጠኝ ሰዓት፤ መቃብሩ ዘንድ

ሰዉ መጣ፤ ግን በሁለት ወገን ቆመ። የንፍሮው ሰፌድ አንድ ብቻ ስለነበር ቀስ በቀስ ተጠጋጋ። ጋሼ ሁሴን አሥራ አንዱንም ስም ጉድጓዱ ውስጥ ባስተኟቸው ቅደም ተከተል ጠሩ፤ "ወልዴ፣ አህመድ፣ ታደሰ፣ ሰይድ..." እዚህ ላይ አለቀስኩ። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው፣ "ወንድምህ የሸጠልኝ በቅሎ ዛሬም ታነክሳለች" ሲሉኝ ሁሉም በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም ጭምር።

እሑድ፣ አመሻሽ፤ ደብረ ብርሃን

እናቴ በጉን ስታይ ጮኸች። "ተዝካሩ ቀረ?"

"በልተናል እማዬ። ሁላችንም ከአንድ ሰፌድ።" የሆነውን ሁሉ አጫወትኳት።

"ከታዴ ቀጥሎ የተኛው ማን ነው?"

"ሰይድ የሚባል ጨው ነጋዴ።"

የበጉን ጀርባ ዳበሰች።

"እናት አለችው?"

"አለች።"

"በል፣ ለሳምንት በጉን ይዘህላት ትወርዳለህ፤ እሷ በደንቧ ታሳርደው። መጀመሪያ ግን ጸጉሩን እንሸልተው፤ አገሩ ሙቀት ነው ብለሃል።"