ለባትሪ ድንጋይ የተነፋ ዙምባራ

ባለፈው ሰሞን ልጄ የመንደራችንን የቅል መለከት ጨዋታ፣ ዙምባራን፣ በስልኳ ቀርጻ ለቀቀችው። ብዙ ሰው ወደደላት፤ ግማሹ ግን ከሥር ይቆጣል። «ፊታቸው አይታይም እኮ፣ ትንሽ ቀረብ በይ» ይላል አንዱ። «ከመካከላቸው መልከ መልካሙን ለይተሽ ብታነሺ ይሻል ነበር» ይላል ሌላው። ልጄ አኩርፋ ስልኩን አሳየችኝ፤ እኔ ሳቄ መጣ። ይህንን ምክር እሷ ሳትወለድ ሰምቼዋለሁ፤ ያውም ከአዲስ አበባ ድረስ በላንድክሩዘር ተጭኖ መጥቶልኝ።

አሶሳ የክልል ርዕሰ ከተማ በሆነች ሰሞን የከተማዋ ድምፅ እኔ ነበርኩ። ትዕቢት የመሰለው ካለ ይምሰለው፤ የዚያን ጊዜ ሰው ይመስክር። አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ላይ ሁለት ሞንታርቦ ይታሰራል፤ እኔ ጋቢና ውስጥ ማይክ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ከዚያ ከገበያው ጀምረን በየሰፈሩ መዞር ነው። ስኳር ገብቷል፤ የልጆች ክትባት ነገ ይጀመራል፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቀይ ጊደር ጠፍታለች፤ ከመስጊዱ ፊት ለፊት አዲስ ልብስ ሰፊ ሱቅ ከፍቷል። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእናቴ ቋንቋ በበርታ እናገራለሁ። ልብስ ሰፊው ጎበዝ መሆኑን ካላወቅኩ ጎበዝ ነው አልልም፤ ተከፍቷል ብዬ አልፋለሁ። ጠዋት በሞንታርቦ ያታለልኩትን ሰው ማታ መስጊድ ውስጥ ጎኔ ቆሞ ስለማገኘው ውሸት አያዋጣኝም ነበር። የዛሬዎቹ የስልክ አስተዋዋቂዎች ያልታደሉት ይህንን ይመስለኛል፤ የሸጡለትን ሰው ዓይን አያዩም።

ክልሉ ገና ለጋ ነበር። ዛሬ አንድ ቢሮ ይከፈታል፣ ነገ ሌላ፤ ሰሌዳ ጸሐፊው እጁ ከቀለም ሳይጸዳ ይውል ያድራል። ከሌላ አገር የተመደቡ መምህራንና ሠራተኞች ከአውቶቡስ ወርደው ሻንጣቸውን እንደያዙ «ከተማው የት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከተማው መሀል ቆመው። ከእነሱ አንዱ፣ ጎጃም ተወልዶ ያደገ አስተማሪ፣ የቤታችን ተከራይ ሆኖ ነበር። ቀልደኛ ነው፤ እኔን ሳያበሽቅ እራቱ አይበላለትም። አንድ ነገር ግን እሱ ሲቀልድበትም አልስቅም ነበር፤ ቴሌቪዥን ላይ አለመኖራችንን። የሌላው አገር ሰው ሲጨፍር፣ ሲያርስ፣ ሲዳር እናያለን። እኛ የምንታየው በአየር ትንበያው ካርታ ምዕራብ ጫፍ ላይ ነው፤ እዚያም ዝናብ ይጥላል ብለውን ያልፋሉ። ይህ ያንገበግበኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የማስታወቂያ ሰዎች መጡ። ባትሪ ድንጋይ ለሚያስመጣ ነጋዴ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሊሠሩ ነው። ሰዎቹ አላወቁም እንጂ ባትሪ ድንጋይን ለእኛ ማስተዋወቅ ውሃን ለዓሣ ማስተዋወቅ ነው። መብራት ከጀኔሬተር ትንሽ ሰዓት ብቻ በሚመጣበት ከተማ ሬዲዮውም ቴፑም በባትሪ ነው የሚኖረው፤ ያለቀውን እንኳ ፀሐይ ላይ አስጥተን ነፍስ እንዘራበታለን። ከየክልሉ አንድ ነገር እያነሱ ሊያሳዩ አስበዋል፤ ከእኛ የመረጡት ዙምባራን ነው። አገሩን የሚያውቅ አስተርጓሚ ሲፈልጉ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ጠቆመ። የአባቴ መንደር ደግሞ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ነው፤ የዙምባራው መሪ የአባቴ ወንድም ነው።

እኔ ምን አደረግኩ? አንድም ነገር ሳይቀረጽ፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ሞንታርቦዬን ከፍቼ ከተማውን ዞርኩ። የእኛ ዙምባራ በቴሌቪዥን ሊወጣ ነው፣ ስሙ፣ ላልሰማ አሰሙ አልኩ። በሁለቱም ቋንቋ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን ያን ዕለት ማን አስታውሶኝ።

መንደሩ ስንደርስ ማሽላው ታጭዷል፤ ነፊዎቹ ማንጎው ሥር ቅላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ዙምባራን ላላየ ሰው፣ ቅል ከቅል ጋር እየተገጣጠመ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አጭር አለው፣ መካከለኛ አለው፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥም አለው። ዳይሬክተሩ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ሥራውን የሚወድ ወጣት ነበር። አንድ በአንድ አያቸውና የአጎቴን ልጅ መረጠ። ምርጫውን አልነቅፍም፤ ረጅም ነው፣ ደረቱ ሰፊ ነው፣ የያዘውም ትልቁን ቅል ነው። ጉብታው ላይ ብቻውን አቁሞት ፀሐይዋን ከጀርባው አደረገና «ይጀምር» አለኝ።

የአጎቴ ልጅ ደረቱን ሞላና ነፋ። አንድ ወፍራም ድምፅ ወጣ። ከዚያ ቅሉን አውርዶ አየን። ቀጥል በለው አለ ዳይሬክተሩ። ነገርኩት። የእኔ አለቀ አለኝ። ዳይሬክተሩ ያፈረ መስሎት በትከሻው መታ መታ አድርጎ አበረታታውና እንደገና አስጀመረው። እንደገና ያው አንድ ድምፅ። ማንጎው ሥር ያሉት ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ አስረዳሁ። እያንዳንዱ ቅል ያለው አንድ ድምፅ ነው። አንዱ ነፍቶ ዝም ሲል ሌላው ይቀበላል፤ ዜማው በሰው መካከል እየዞረ ነው የሚሠራው። ብቻውን ዙምባራ የነፋ ሰው ተወልዶም አያውቅ። ዳይሬክተሩ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና ችግር የለውም አለ። ማስታወቂያው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያለች ጊዜ ናት፤ በዚያች ጊዜ ሰው የሚያየው ፊት ነው፤ ብዙ ሰው በሩቁ ካሳየን ማንንም አላሳየንም። ልጁ ብቻ ይነፋ፣ ድምፁን አዲስ አበባ ስንመለስ ሌላ ሙዚቃ እናስገባበታለን አለ። በእሱ ሙያ ልክ ነበር፤ ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ እንደሱ ያስባል።

ይህንን ለአጎቴ ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩለት። አጎቴ እኔን ትቶ፣ ከገበያ በለቀማት አማርኛው ራሱ ለዳይሬክተሩ ተናገረ።

«አንተ ጥሩ ሰው ነው። እንግዳ ነው። ግን ይሄ ልጅ የእኛን ቅል ይዞ፣ ከቅሉ የሌላ ሰው ዘፈን ወጣ። አገር ሁሉ አየ። እነዚያ ሰዎች እንዲህ ነው የሚዘፍኑ አለ። ከዚያ በኋላ፣ ወላሂ፣ ማን ነው የሚያስተካክል?»

ወደ አጎቴ ጠጋ ብዬ በበርታ፣ ለዛሬ ብቻ እሺ በል፣ ለከተማው ሁሉ ተናግሬያለሁ፣ ከእንግዲህ በምን ዓይኔ ማይክ እይዛለሁ አልኩት። አጎቴ አልተቆጣም። ከተማው ዙምባራውን ጠብቆ የሌላ ሰው ዘፈን ቢሰማ ያንጊዜስ በምን ዓይንህ ትይዛለህ አለኝ። እኔ ደሜ ቶሎ የሚፈላ ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት ግን የፈላው በጊዜው ነው። ወደ ዳይሬክተሩ ዞርኩና ወይ ሁሉም ይነፋሉ፣ ወይ ማንም አይነፋም፣ ትርጉሙም እዚህ ላይ አበቃ አልኩት። ከተማው ውሸታም ይበለኝ ብዬ ቆርጬ ነበር።

አብሯቸው የመጣው ካሜራ ቀራጭ፣ ጠጉሩ ሸበት ያለ ሰው፣ ሁሉም ሲነፉ እንዴት ነው የሚቆሙት ብሎ ጠየቀኝ። አይቆሙም፣ ይዞራሉ አልኩት። እስቲ ይዙሩ አለ።

ተነሡ። አጎቴ ትንሿን ቅል ነፋ፣ ቀጣዩ ተቀበለ፣ ሌላው ተቀበለ፣ ክቡ መዞር ጀመረ፤ ሴቶቹም ከየቤቱ ወጥተው ገቡበት። ካሜራ ቀራጩ በካሜራው አየና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። አልበቃም፤ እንደገና ሄደ። በማሽላው ቆረን፣ በታጨደው አገዳ ጉቶ መሀል እየተደናቀፈ ሲሸሽ ቆይቶ በመጨረሻ ካሜራውን ተሸክሞ ላንድክሩዘሩ ጣሪያ ላይ ወጣ። ዳይሬክተሩ ከታች ሆኖ «ፊታቸው እኮ አይታይም» አለው። ካሜራ ቀራጩ ዓይኑን ሳይነቅል «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለና ድምፅ የሚቀርጸውን ልጅ ማይኩን አስጠጋ አለው። ሊሄዱ ሲሉ ዳይሬክተሩ እጄን ጨብጦ፣ ነጋዴው ካልወደደው ይቆረጣል፣ ቃል አልገባልህም አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት መራራ ነበሩ። ስኳር መግባቱን ሳውጅ ከሱቁ ደጃፍ «ዙምባራውስ መቼ ይገባል?» የሚለኝ አይጠፋም። ተከራያችን አስተማሪማ ሲሳይ ወረደለት። ባትሪው አልቆ ይሆናል፣ ፀሐይ ላይ አስጡት እንጂ እያለ እራቱን በእኔ እየሳቀ ያወራርዳል። እኔ ግን አንድ ቀንም አልቀረሁም፤ ማይኬን ይዤ እዞር ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ምሽት፣ ጀኔሬተሩ እንደተነሣ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለችው ቴሌቪዥን ዙሪያ ሰው ሞልቷል። አጎቴና ነፊዎቹ ከተማ ሊያድሩ ስለነበር በየጥጉ ተበታትነው ሻይ ይጠጣሉ። ከዜናው በፊት ማስታወቂያው መጣ። የሌላው አገር ጭፈራ አለፈ፣ ፊቱ ቴሌቪዥኑን ሞልቶ የሚስቅ ጎረምሳ አለፈ፤ ከዚያ እኛ። ከላይ፣ ከሩቅ፣ አቧራ ውስጥ የሚዞሩ ትንንሽ ሰዎች። ማን ማን እንደሆነ እናታቸው አትለያቸውም። ድምፁ ግን የራሳችን ነበር፤ ያልተነካ።

የመጀመሪያው አጭር ድምፅ ሲሰማ አጎቴ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «እኔ» አለ። ወዲያው ከበሩ በኩል አንድ ሰው «እኔ» አለ። ከወደ ጓሮው ሌላው «እኔ»። ድምፁ በቴሌቪዥኑ ሲዞር «እኔ» የሚለው ቃል በሻይ ቤቱ ውስጥ ዞረ፤ በዚያው ቅደም ተከተል፣ አንድም ሰው ሳይሳሳት። መልከ መልካሙ የአጎቴ ልጅ፣ ፊቱ አገር ሊያየው የነበረው፣ ተራው እስኪደርስ አንገቱን አቀርቅሮ ጠበቀና ያች ወፍራም ድምፅ ስትመጣ «እኔ» ብሎ ብድግ አለ። ማስታወቂያው አለቀ። ስለ ባትሪ ድንጋዩ ምን እንደተባለ እስካሁን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

አስተማሪው አጠገቤ ነበር። ከልቡ መደነቁን አይቻለሁ፤ ግን ልማዱ አልለቀው ብሎ «አንተስ የትኛዋ ድምፅ ነህ?» አለኝ። እውነት ነው፣ እኔ ቅል ይዤ አላውቅም። አጎቴ ከወዲያ ጥግ ሰምቶት ኖሮ ብርጭቆውን አስቀመጠና በዚያችው አማርኛው መለሰልኝ።

«እሱ ጠራ። ሰው ካልተጠራ ዙምባራ የለም።»

አስተማሪው ያን ማታ የእኔን ሻይ አዘዘ። እኔም በማግስቱ ሞንታርቦዬን አስሬ ወጣሁ፤ ስኳር ገብቶ ነበር።