ድመቱ እኮ ተነሥቷል

አባቴን ስትሮክ ከመታው ወዲህ የሚያስቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጄ በቴሌቪዥን የምታየው፣ ወፍ ሲያሳድድ የሚውለው የካርቱን ድመት። ድመቱ ከጣሪያ ይወድቃል፣ በር ይደፈጥጠዋል፣ እንደ ቂጣ ይጠፈጠፋል፤ ከዚያ ተነሥቶ አቧራውን ያራግፍና እንደገና ወደ ወፏ። ልጄ የወፏ ደጋፊ ናት። አባቴ የድመቱ።

እኔን አባቴም ድመቱም ያናድዱኝ ነበር። ሐኪሙ በየቀኑ ከወንበር እየተነሣ መቆም እንዲለማመድ አዞታል፤ እሱ ግን ጭራሽ። ስጨቀጭቀው፣ «ከእንግዲህ የምነሣው ለትንሣኤ ሙታን ነው» ይለኝና ወደ ድመቱ ይዞራል። እንግዳም አልቀበል አለ። ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብሎ «ኖር» ሳይል ቀርቶ አያውቅም፤ አሁን ተዘፍዝፎ መታየቱን ከሞት ቆጠረው። ስለዚህ የመጣውን ሁሉ «ተኝቷል» እያልኩ መመለስ የእኔ ሥራ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ፣ አባቴ ዲክሲስ ከተማ ሲያስተምር የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የነበሩት ሽማግሌ በዚያ ብርድ ከጢቾ ተሳፍረው አሰላ ድረስ መጡ። በር ላይ ቆሜ እንደተለመደው «ተኝቷል» አልኳቸው። ይኼኔ ድመቱ አንድ ነገር ሳይሆን አልቀረም፣ የአባቴ ሳቅ ከሳሎን ተሰማ። ሽማግሌው አልተቆጡም። ያመጡትን ማር አስጨበጡኝና «ለበዓል እመለሳለሁ፤ ሲነቃ ንገሪው» ብለው ሄዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማሩን ፊቱ አስቀምጬ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ሁለተኛ እንደማልዋሽለትም ነገርኩት። ከዚያ፣ «ጠረጴዛውን አስጠጊልኝ» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርቱኑ የሥራ ሰዓት ሆነ። ድመቱ ሲወድቅ አባቴ ያርፋል፤ ድመቱ ሲነሣ እሱም ጠረጴዛውን ተደግፎ ለመነሣት ይታገላል። ሲያቅተው ልጄ አትምረውም፤ «አባባ፣ ድመቱ እኮ ተነሥቷል» ትለዋለች። ስንቴ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ዱብ አለ። ተሳደበ፤ አለቀሰም። እኔም ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ፤ ቴሌቪዥኑን ግን አላጠፋሁም።

በበዓሉ ቀን ሽማግሌው ብቅ ሲሉ ልጄ ማንም ሳይነግራት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰች። አባቴ ጠረጴዛውን ያዘ። ተነሣና «ኖር» አለ።

«በእግዜር። ኧረ በሞቴ፣ ተቀመጥ» አሉት።

አልተቀመጠም። እሳቸው ሶፋው ጋ ደርሰው እስኪቀመጡ ድረስ ቆሞ ጠበቃቸው።