እንጥሏ አልነበረም

የመጀመሪያ ልጄን ዳንግላ ላይ የወለድኩ ጊዜ እንቅልፍ ምን እንደሚመስል ረሳሁ። አራት ወር ሲሞላት ማስነጠስ ጀመረች። ዓይኗን እስኪቀላ ታሻለች፣ ደረቷ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ጡት ይዛ ትንሽ እንደሳበች ትንፋሽ አጥሯት ትለቀዋለች። አብረውን የሚኖሩት አማቴ "እንጥሏ ወርዶ ነው" አሉ፤ እንጥል ቆራጭ ተጠራ። እጅ እግሯን ይዤ ያስቆረጥኳት እኔው ነኝ። ደሙን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩላት።

እንድታገግም ብዬ ግምጃ ቤት ከተማ እናቴ ዘንድ ወሰድኳት። ሦስት ሳምንት ስንቆይ ማስነጠሱም ሲጥ ሲጥ ማለቱም ጠፋ። እናቴ ቆራጩን መረቀች፤ እኔም መረቅኩ። እናቴ ቤት እንደ እኛ ቤት ድመት እንደሌለ ማን ልብ ብሎ!

በጋሪ ተመልሰን ቤት ገባንና ሁልጊዜ የምትተኛበት ጋቢ ላይ አስተኛኋት። ወዲያው ማስነጠስ ጀመረች፤ ከሰዓት በኋላ ዓይኗ አብጦ ተከደነ።

"ቆራጩ አስተርፎባታል፤ ይድገማት" አሉ አማቴ።

"እትዬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ትንሽ ቀን ይስጡኝ።"

እስከ ቅዳሜ ፈቀዱልኝ።

ለመጣላት አቅም ስላልነበረኝ ዝም ብዬ ሳያት ዋልኩ። ድመታችን ከጤፉ ጎተራ ሥር ትወጣና ጋቢው ላይ ተጠቅልላ ትተኛለች፤ ባባርራት ትመለሳለች። ጋቢው የነካው የልጄ ጉንጭ ሽፍ ብሏል። ጓሮ ይዣት ስወጣ ይሻላታል፣ ስንገባ ይብስባታል። ሁለት ቀን ሙሉ ስወጣ ስገባ ያው ነው። ዛሬ ሐኪሞች አለርጂ ይሉታል፤ እኔ ያኔ ስሙን አላውቅም፣ የማውቀው ብስጭቴን ነው።

አርብ ጠዋት ድመቷን በጆንያ አድርጌ አዲስ ቅዳም ከተማ ለሚሄድ ጋሪ ነጂ ሰጠሁ። ጋቢውን በፈላ ውሃ አጠብኩት። አማቴ "እህሉን አይጥ ሲጨርሰው እናያለን!" ብለው አኮረፉኝ። ቅዳሜ ቆራጩ ሲመጣ ልጄን አዝዬ ወንዝ ወርጄ ዋልኩ።

በወሩ ትንፋሿ ተስተካከለ። "የቆራጩ እጅ ነው፤ ዘግይቶ ሠራ" አሉ አማቴ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩ በሆዴ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን የሚያስል ልጇን ታቅፋ መጣች። "ያንቺዋ እንጥሏን ተቆርጣ ነው የዳነችው አሉኝ፤ እውነት ነው?" አለችኝ። አማቴ አጠገቤ ተቀምጠዋል። አይደለም ብል ያ ሁሉ ክርክር እንደ አዲስ ሊጀመር ነው። ደክሞኝ ነበር።

"አዎ፣ ተሽሏታል" አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ቆራጩ እነሱ ግቢ ገባ፤ የልጇ ጩኸት በአጥሩ በኩል መጣ። የራሴን ልጅ ታቅፌ፣ ጩኸቱ እስኪቆም ድረስ ቆሜ ሰማሁት።